የሌለው ጠባሳ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሕፃናት ክፍሉ የሐኪሞች ማረፊያ ውስጥ ሻይ ፈላ። ሦስት ሰዎች ጠጡ፤ አንዱ ስኳር በዛብኝ አለ። በዚያው ሰዓት፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ኮሪደሩ ላይ ከንጋት ጀምሮ ተራዋን ስትጠብቅ የነበረች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አግዳሚው ወንበር ላይ ብቻዋን ሞተች።

ሐኪሞቹ «መመረዝ ሳይሆን አይቀርም» ብለው ጻፉ። ያሳደገቻት አክስቷ ለሆድ ቁርጠቷ ናና እያፈላች ታጠጣት ነበር። የአስከሬን ምርመራው ይህን ካረጋገጠ አክስቲቱ ወኅኒ ትወርዳለች።

አስከሬን የምትመረምረው ሐኪም «ዝምተኛዋ» ትባላለች፤ ከሥራዋ ጠባይ የተነሣ የምታነጋግረው ሰው አይበዛም። ልጅቱን መረመረች፣ ካርዷን አነበበች፣ ተመልሳ ልጅቱን አየቻት። ከዚያ አክስቲቱን አስጠራች።

«ሕመሙ ሲነሣባት ምን ትሆን ነበር?»

«እጥፍ ትላለች፣ ዶክተር። ሣር የመሰለ አረንጓዴ ታስመልሳለች። ከዚያ ምንም እንዳልነበረ ተነሥታ ትሥቃለች። ሆስፒታል ስንደርስማ ለውሸት የመጣን ነው የምንመስለው። ‹ትምህርት ጠልታ ነው› አሉኝ።»

«ናናውን መቼ ጀመሩላት?»

«ለሁለተኛ ጊዜ ባዶ እጃችንን ሲመልሱን። ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ሐሙስስ?»

«የምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት አልለቀቀኝም፤ ተረኛ ነበርኩ። ‹መንገዱን አውቀዋለሁ፣ አክስቴ› አለችኝ።» የሻርፗን ጫፍ አጣጠፈች፤ ፈታች፤ እንደገና አጣጠፈች።

ቀጥሎ ጀማሪው ሐኪም ገባ።

«አይተሃታል?»

«ሁለተኛ ስትመጣ። ሆዷ ለስላሳ ነበር። ካርዱ ላይ አለ።»

«ካርዱን አንብቤዋለሁ። አንተን ነው የጠየቅሁት።»

«ያው ነው እኮ፣ ዶክተር።»

ዓርብ ጠዋት ማረፊያው ውስጥ ተሰበሰቡ፦ የክፍሉ ኃላፊ፣ ጀማሪው፣ አንድ ፖሊስ፣ በሩ ሥር ደግሞ አክስቲቱ።

«መርዝ የለም» አለች ዝምተኛዋ። «አንጀቷ ከተፈጠረች ጀምሮ ቦታውን ስቶ ነው የተቀመጠው። እንዲህ ያለ አንጀት አንዳንዴ ይጠማዘዛል፤ ሲፈታ ሕመሙ ይጠፋል። ሐሙስ አልተፈታም፤ ደም አጣ። በዚህ ዕድሜ ብዙ አይገጥምም፤ አረንጓዴ ትውከት ግን ያስጠረጥራል።»

«አረንጓዴው የናናው ነዋ» አለ ኃላፊው።

«ነርሷ ‹አረንጓዴ ታስመልሳለች› ብላ የጻፈችው መጀመሪያ በመጣች ቀን ነው። ናናው ከሁለተኛው በኋላ የተጀመረ ነው።»

ፖሊሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ቢሆንም ከሐሙስ በፊት ሦስት ጊዜ ተመርምራለች» አለ ኃላፊው። «እኔ ራሴ ሆዷን ዳስሻለሁ። ሕመሙ በሌለበት ምን ይገኛል?»

«ሦስቱም ቀን ‹በሆዷ ቀኝ በኩል የቆየ የቀዶ ጥገና ጠባሳ አለ› ተብሎ ተጽፏል። በነርሷ፣ በዚህ ጀማሪ ሐኪም፣ በመጨረሻም በእርስዎ እጅ።»

«አዎ። አይቼዋለሁ።»

«ልጅቱ ጠባሳ የላትም።»

ጀማሪው ጫማውን ማየት ጀመረ።

«የመጀመሪያው ከሌላ ልጅ ካርድ ተገለበጠ» አለች፤ «የቀሩት ከመጀመሪያው። ልብሷን የገለጠ የለም። አንድ ሰው አጠገቧ ቁጭ ብሎ ገልጦ ቢያይ፣ ስለ አረንጓዴው ይጠይቃት ነበር። ጠይቆም ለራጅ ይልካት ነበር።»

«ሆዷ ላይ ምንም አልነበረባትም» አለች አክስቲቱ ቀስ ብላ። «እኔ ነኝ ሳሻት የማድረው።»

ኃላፊው ፊቱ ቀላ። «ይሄ ስድብ ነው። ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ።»

በሩ ተከፈተና ነርሷ እንደ ወትሮው አንድ የተሞላ ካርድ ፊቱ አኖረች።

«በእጄ ያልነካሁትን በሽተኛ ካርድ» አለ ኃላፊው፣ እስክሪብቶውን ከኪሱ እያወጣ፣ «አንድ ቀን እንኳ ፈርሜ አላውቅም።» ፈረመና ካርዱን መለሰላት።

«የማን ነው?» አለች ዝምተኛዋ።

«አሁን የመጣች ልጅ ናት» አለች ነርሷ። «ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ገና አልገባችም። ሆዷን ነው የሚያማት።»

መጀመሪያ ተነሥታ ወደ ኮሪደሩ የወጣችው አክስቲቱ ነበረች።