ሳትጠይቅ የፈረመችው

ሐዳሳ መናኸሪያ አካባቢ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ በጽዳት ሠራተኛነት ከተቀጠረች ዓመት አልሞላትም ነበር። በመስከረም ክሊኒኩ ለሠራተኞቹ የጉበት ቫይረስ መከላከያ ክትባት በነፃ እንደሚሰጥ ሲያስታውቅ፣ ወሬውን በከተማዋ ምሥራቅ ወዳለው ቤቷ ይዛ ሄደች። ባጃጅ የሚነዳው ባሏ ኤልናታን ሳትጨርስ አቋረጣት።

«የወፍ በሽታ የሚሉት አይደል? እሱን የባህል መድኃኒት እንጂ መርፌ አይችለውም። ደግሞ ክትባቱ ማህፀን ይዘጋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ገና ልጅ እንኳ አልወለድንም።»

በማግሥቱ የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ባህሩ፣ «ክትባቱ በፈቃድ ነው፤ የማይፈልግ እዚህ ላይ ይፈርም» ብለው ወረቀት ዘረጉ። እሳቸው ለምን እንዳልፈለገች አልጠየቋትም። እሷም ምን እንደሚያስከትል አልጠየቀችም። ፈርማ ወጣች።

በጥር አንድ ጠዋት የላቦራቶሪውን ቆሻሻ ከረጢት ስታነሣ አውራ ጣቷን አንድ ነገር ወጋት። ጓንቷን ብታወልቅ ደም። አንድ ሰው ያገለገለ መርፌ ከቆሻሻው ጋር ጥሎ ኖሯል። ጣቷን እንደያዘች ወደ ነርሶቹ ክፍል ሮጠች።

ነርሷ ሲስተር ወንጌላዊት ጣቷን በሳሙናና በውኃ አስታጠበቻትና፣ «ክትባቱን ወስደሻል?» አለቻት።

«አልወሰድኩም። ማህፀን ይዘጋል ሲሉ ፈርቼ።»

ሲስተር አልተቆጣችም። «ማህፀን አይነካም። ነፍሰ ጡር እንኳ ትከተባለች። ቫይረሱ ነው በደምም በግንኙነትም የሚተላለፈው፤ እናት ስትወልድ ለልጇ ልታስተላልፈው ትችላለች። ከፈቀድሽ ደምሽን መርምረን ክትባቱን ዛሬውኑ እንጀምር። ኤችአይቪ እንዳይዝሽም የሚሰጥ መድኃኒት አለ።»

«እሺ። ግን ይይዘኛል?»

«አልዋሽሽም። በእርግጠኝነት የምናውቀው ከስድስት ወር በኋላ ነው።»

እነዚያ ወራት አላልቅ አሏት። ጠዋት ጠዋት ዓይኗ ቢጫ ሆኖ እንደሆነ በመስታወት ታያለች። ምግብ ያስጠላት ቀን «መጣብኝ» ትላለች። ምላጯን ለየች፤ መኝታዋን ለየች። አንድ ቀን ኤልናታን በባጃጁ ሥራ ሲያደርሳት ሞተሩን አጠፋና ወደ ኋላ ሳይዞር፣

«የወጋሁሽ እኔ ነኝ» አላት። «ከሰው የሰማሁትን ነገርኩሽ። ያ ሰው ማን እንደነበር እንኳ ዛሬ አላስታውሰውም።»

ያን ዕለት አብሯት ገብቶ ተመረመረ፤ ክትባቱንም ጀመረ።

በሐምሌ ሲስተር ወንጌላዊት ውጤቱን ስታነብላት ሐዳሳ ጆሮዋን አላመነችም። «ነፃ ነሽ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አስደገመቻት። እንዲያም ሆኖ ዛሬም የቆሻሻ ከረጢት ከማንሣቷ በፊት ዙሪያውን ደጋግማ ታያለች።

አቶ ባህሩም ከዚያ ወዲህ ሲስተር ለሠራተኛው ሳታስረዳ፣ ጥያቄውንም ሳትመልስ ማንንም አያስፈርሙም። መርፌ ከቆሻሻ ጋር እንዳይጣልም ራሳቸው እየዞሩ ያያሉ።

ወገኖቼ፣ እምቢ ማለት የሠራተኛ መብት ነው፤ ማንም ክንዱን በግድ አይዘረጋም። ነገር ግን አሠሪ ያስረዳ፣ ሠራተኛም ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ይጠይቅ። በሰሚ ሰሚ የተፈረመ እምቢታ የራስ እምቢታ አይደለም፤ ፍርሃቱን የሚሸከመው ግን የፈረመው ሰው ነው።