አንቺ ቅደሚ

ኑሪያ የሳቀችው ቶሎሳ ቀልዱን ከረሳው በኋላ ነበር።

ሳቋ ጠረጴዛው መሀል ከተቀመጠችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ሲፈነዳ ምሳው ተበልቶ አልቋል። ትርሲት ሰሃን አጥባ እየደረደረች ነበር። ቶሎሳ ደንግጦ ቀና አለ።

«ምን ነበር ያልኩት?»

«ስለ ቡዳው» አለች ትርሲት።

«እህ!» ብሎ ገና አሁን እንደተነገረው ሰው እሱም አብሮ ሳቀ።

«ቶሌ፣ አንተ አትረባም!» አለች ኑሪያ ከሩቅ። «ቅንጣቷ ሲያዩዋት የምትለወጠው ቡዳ ስለምትፈራ ነው? አቦ፣ ታዲያ ክታብ እንሰርላት! ትርሲትስ? አልሳቀችም ወይስ እንደ ልማዷ ድምፅ ሳታሰማ ስቃ ጨረሰች?»

ትርሲት ድምፅ ሳታሰማ ሳቀች።

ለሦስቱም ይህ የተለመደ ነገር ነው። ኑሪያ የተሳፈረችባት ንጋት የተባለችው መርከብ ጁፒተር አጠገብ ደርሳለች። ከባሌ ተራራ ሥር፣ ዓለት ተፈልፍሎ ከተሠራው ቤተ ሙከራ የተነሳ ቃል እሷ ጆሮ ለመግባት ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ መልሱም ለመመለስ ያንኑ ያህል። ስለዚህ ቀልዱ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ይነገራል፣ ሳቁ ሰሃን ሲታጠብ ይመጣል። ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ፊዚክስ ሲማሩ ጀምሮ ምሳ የሚበሉት አብረው ነው፤ አንዷ ርቃ ስለሄደች ይህ የሚቀርበት ምክንያት አልታያቸውም።

የኑሪያ ወንበርም አልተነሳም። አሁን መንታ ሳጥኗ ተቀምጣበታለች።

መንታ ሳጥን ያሏት እነሱ ናቸው። ውስጧ በብርቱ ቅዝቃዜ የተያዙ ቅንጣቶች አሉ፤ የእያንዳንዷ ቅንጣት መንታ ደግሞ ኑሪያ ዘንድ ባለው ተመሳሳይ ሳጥን ውስጥ ናት። አንዲት ቅንጣት ከቅዝቃዜው ወጥታ ቁልፉ ሲጫን መብራቱ ወይ ቀይ ወይ አረንጓዴ ይሆናል። የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን እዚህ አረንጓዴ ከበራ እዚያም አረንጓዴ ነው። በመካከል የሚሄድ መልእክት የለም፤ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ማየታቸው ብቻ ነው። መርከቧ መልእክቷን የምትቆልፍበትን የምስጢር ቁጥር ወደፊት የምታወጣው ከዚህ ስለሆነ፣ የሳጥኑን ጤና ለማወቅ በየቀኑ አንድ ጥንድ ይከፈታል።

«መከፈቱ ካልቀረ እናንተው ክፈቱት» ብለው ነበር የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር አስካለ።

ጓደኛሞቹ ለጥንዷ ሥራ ሰጧት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በሁለቱም ወገን ትከፈታለች። አረንጓዴ ከሆነ የዕለቱን ወሬ የምታወራው ኑሪያ ናት፤ ቀይ ከሆነ እነሱ ናቸው። ተራው የማን እንደሆነ ለመጠያየቅ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ከማባከን ይሻላል።

ለብዙ ወራት አንድም ቀን አልተሳሳተም። በኋላ ግን መበላሸት ጀመረ። አንድ ቀን ከሁለቱም ወገን ወሬ ተልኮ መንገድ ላይ ተላለፈ። ሌላ ቀን ሁለቱም ዝም ብለው ጠበቁ፤ ትርሲትና ቶሎሳ ሰሃኑ ላይ የቀረውን ጭኮ በማንኪያ እየቆረሱ ከድምፅ ማጉያው ምንም ሳይሰሙ ምሳ ሰዓት አለፈ። ሳጥኑን ፈቱ፣ ማቀዝቀዣውን ለወጡ፣ ሽቦውን በሙሉ መረመሩ። ብልሽት አልተገኘም። ቀለሞቹ ግን ሳንቲም እንደ መወርወር ሆኑ፤ አንዳንዴ ይገጥማሉ፣ አንዳንዴ አይገጥሙም።

ዶክተር አስካለ የዚያን ቀን ጠዋት ትርሲትን አስጠርተው ነበር።

«ዛሬ ማታ መርከቧ አንቴናዋን ታጥፋለች» አሏት። «የጁፒተርን ጨረር አልፋ እስክትወጣ ለወራት ድምፅ የለም። ከዚያ በፊት ትእዛዝ መላክ አለብኝ። የታመመ ሳጥን በዝምታው ጊዜ ይዘው እንዲቆዩ አልፈልግም። ምክንያቱን ካላገኘሽልኝ ጥንዶቹን ይደፏቸዋል፣ እኛም የእኛን እንደፋለን።»

«ገባኝ ዶክተር» አለች ትርሲት። ሌላ የምትለው ነበራት፤ ግን ከአፏ አልወጣም።

ማለት የፈለገችው ይህን ነበር፤ ድምፅ ሲቋረጥ የሚቀራቸው ይህ ሳጥን ብቻ ነው። ቃል እንደማይሸከም ታውቃለች። ቢሆንም በዚያ ሁሉ ጨለማ ማዶ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ኑሪያ እሷ የምታየውን ቀለም ታያለች። ይህ ከተደፋ የሚተካ ነገር የለም።

አሁን ሰሃኑን ደርድራ እንደጨረሰች፣ ብልሽቱን ለመጨረሻ ጊዜ ለመፈለግ ከቶሎሳ ጋር ከታች ወዳለው የሳጥኑ ማቀዝቀዣ አዳራሽ ወረደች። ቶሎሳ የመሣሪያ ሣጥን በሁለት እጁ ታቅፏል። የአዳራሹ በር ቅዝቃዜ እንዳያመልጥ ለጥቂት ቅጽበት ብቻ ነው የሚከፈተው። ተከፈተ።

«ግቢ» አለ ቶሎሳ።

«አንተ ቅደም፤ ዕቃ ይዘሃል።»

«ኧረ ግቢ! አንቺን አስቁሜ?»

«ከብዶሃል እኮ፣ በሞቴ ቅደም።»

«እኔ ልሙት አልቀድምሽም።»

በሩ ጢጥ ብሎ አስጠነቀቀና ፊታቸው ላይ ተዘጋ። ቀዩ መብራት በራ፤ እንደገና እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው።

«ይኸው!» አለ ቶሎሳ። «ይሄን በር የሠራው ሰው ይሉኝታ የሚባል አያውቅም።»

ትርሲት መሳቅ ጀምራ መሀል ላይ አቆመች። ቀዩን መብራት ትኩር ብላ አየችው።

«ቶሌ፣ ያ ወሬ ትዝ ይልሃል? ማን ቀድሞ ያያል የተባባልነው?»

ትዝ ይለዋል። ቀለሞቹ መሳሳት ከመጀመራቸው ጥቂት ቀን በፊት፣ አንድ ምሳ ላይ እሱ ራሱ ነበር ነገሩን ያመጣው። «ቀድሞ ያየ ቀለሙን ወሰነ ማለት ነው፤ ኋላ ያየው የተወሰነለትን ይቀበላል» ብሎ ነበር፣ ለማናደድ። ትርሲት ሁለት የሻይ ብርጭቆ አራርቃ አስቀምጣ አስረድታዋለች። በኳንተም ሕግ፣ ማለትም በእነዚህ ደቃቅ ቅንጣቶች ዓለም ሕግ፣ ወሳኝና ተቀባይ የለም። ሁለቱ ደግሞ ይህን ያህል ተራርቀው በአንድ ሰሞን ሲታዩ፣ የትኛው ቀደመ የሚለው ራሱ እንደ ተመልካቹ ይለያያል፤ ለሁሉም እኩል እውነት የሆነ መልስ የለውም። ኑሪያም ከሩቅ «ልክ ናት፣ ቶሌ ፈተና ወደቀ» ብላ ፈርዳ ነበር።

«ታዲያ?» አለ ቶሎሳ።

ትርሲት ከንፈሯን ነከሰች። «ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ቶሎ አልጫንም። እቆያለሁ።»

«ለምን?»

«እሷ ቀድማ እንድታይ።»

ቶሎሳ የመሣሪያ ሣጥኑን መሬት አስቀመጠ። «ራስሽ በብርጭቆ ያስረዳሽኝን?»

«አውቃለሁ። አውቃለሁ አልኩህ።» ፊቷ በእፍረት ጋለ። «መመሪያው ላይ የተፈቀደውን ጊዜ አላለፍኩም። ከቅዝቃዜ የወጣች ቅንጣት ያን ያህል መቆየት ትችላለች። ግን መመሪያው የአንድ ወገን መቆየት ነው ያሰበው። ሁለቱም ወገን ቢቆዩስ? እዚህም ብትሞቅ፣ እዚያም ብትሞቅ?»

«ድካሙ ይደመራል» አለ ቶሎሳ ቀስ ብሎ። «መንታነቷን ትረሳለች።»

በሩ ተከፈተ። በዚህ ጊዜ የገባ አልነበረም፤ ሁለቱም ወደ ድምፅ ማጉያዋ እየሮጡ ነበር።

ትርሲት ማይክሮፎኑን አነሳች። ለኑሪያ ይህን መናገር መመረቂያ ጽሑፏን በአዳራሽ ካቀረበችበት ቀን ይልቅ ከበዳት።

«ኑሪያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ስድስት ሰዓት ሲሆን ወዲያው ነው የምትጫኚው ወይስ ትቆያለሽ? እኔ እቆያለሁ። አንቺ ቀድመሽ እንድታዪ ብዬ ነው። ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን አምስት ጥንድ እዚህ እከፍታለሁ፤ ይህን እንደሰማሽ አንቺም አምስቱን ክፈቺ። አንዷንም አታቆዪ፣ ከቅዝቃዜ እንደወጣች ተጫኚ። ያየሽውን ንገሪኝ።»

አምስቱን ከፈተች። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ቀረ። ዶክተር አስካለ ሰምተው መጡና መነጽራቸውን እየጠረጉ አጠገባቸው ተቀመጡ። የትእዛዙ መልእክት ተዘጋጅቶ ያለቀ ነው፤ የሚቀረው መላክ ብቻ። ቶሎሳ እንኳ አልቀለደም።

በመጨረሻ ድምፅ ማጉያዋ ተንኮሻኮሸች። መጀመሪያ የመጣው ረጅም ትንፋሽ ነበር።

«ትርሲትዬ» አለች ኑሪያ። «ወላሂ እኔም።»

ከዚያ ቃሉ ተከታትሎ ወጣ።

«በሕይወትሽ በር ላይ ቀድመሽ ገብተሽ አታውቂም። ዶርም የደረስሽው አንቺ ቀድመሽ ሆኖ፣ አልጋ ሳትመርጪ ሻንጣሽ ላይ ቁጭ ብለሽ ጠበቅሽኝ። ያን ቀን አልረሳውም። እስቲ እዚህ እንኳ አንድ ነገር ቀድማ ታግኝ እያልኩ፣ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ አንቺን እጠብቃለሁ። እንደማይሆን እያወቅሁ! ቶሌ፣ እንዳትስቅ። ቀይ። አረንጓዴ። አረንጓዴ። ቀይ። አረንጓዴ።»

ትርሲት ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች።

«ሁለት የፊዚክስ ሊቃውንት!» አለ ቶሎሳ፣ ድምፁ ግን እንደ ቀልደኛ ሰው ድምፅ አልሆነለትም።

ዶክተር አስካለ መነጽራቸውን አጠለቁ። «ሦስት ጊዜ ማቀዝቀዣ ያስለወጣችሁኝ ለዚህ ነው?» አሉ። መልስ አልጠበቁም። የተዘጋጀውን ትእዛዝ ሰርዘው በምትኩ አጭር ቃል አስላኩ፤ ሳጥኑ ጤነኛ ነው፣ ጥንዶቹ ይቆዩ። ከዚያ ወደ በሩ ሄዱና ገለል ብለው ቆሙ።

«እለፊ» አሏት።

«እርስዎ ይቅደሙ...» ብላ ጀምራ ትርሲት ተወችው። ቀድማ ወጣች።

ማታ መርከቧ አንቴናዋን አጠፈች። የኑሪያ የመጨረሻ ቃል «ነገ ስድስት ሰዓት፣ እሺ?» የሚል ነበር።

በማግስቱ ጠረጴዛው እንደ ወትሮው ተዘረጋ። ድምፅ ማጉያዋም ከቦታዋ አልተነሳችም፤ ለማንሳት የጨከነ አልተገኘም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ትርሲት ቁልፉን ወዲያው ተጫነች።

አረንጓዴ በራ።

«የኑሪያ ተራ ነው» አለ ቶሎሳና ከልማድ የተነሳ ወደ ድምፅ ማጉያዋ ዞረ። ከዚያ ትዝ አለው። ድምፅ የለም፤ ለወራት አይኖርም።

ትርሲት ግን እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። መብራቱ እንደማይናገር ታውቃለች። ኑሪያ ተጭናለች አልተጫነችም፣ ደህና ናት አይደለችም፣ ከዚህ ቀለም የሚነበብ ነገር የለም። ሆኖም ኑሪያን ታውቃታለች። ተራዋ ከሆነ ታወራለች። የሚሰማ ጆሮ ባይኖርም፣ አንቴናው ቢታጠፍም፣ በዚያች ጠባብ ክፍል እጇን እያወናጨፈች ማውራት ጀምራለች። አንድ ሰው ሲያወራ ደግሞ የወዳጆቹ ድርሻ ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው።

አዳመጡ። ጭኮው ሳይነካ ቆየ። የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ከታች ይሰማል።

ብዙ ሳይቆይ የቶሎሳ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ምን ያስቅሃል?» አለች ትርሲት በሹክሹክታ።

«ዝም በይ» አለ እሱ፣ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ። «ገና አልጨረሰችም።»

ትርሲትም ሳቀች፤ በዚህ ጊዜ ድምፅ አውጥታ። ከሁሉም ማን ቀድሞ እንደሳቀ፣ እዚህ ያሉት ይሁኑ ወይስ በሩቅ ያለችው፣ ሊነግራቸው የሚችል ሰዓት የትም አልነበረም።