የፌንጣዋ ቁልፍ

«ቁልፉን» አሉ ጋሽ ክንፈሚካኤል፣ እጃቸውን ዘርግተው።

ያይኔአበባ ከአንገቷ ማዕተቧን ሳበች። ቁልፉ ከመስቀሏ ጎን ተንጠልጥሏል። አባቷ ሊሞት ሲል «ሞተሯ ለአድማሴ፣ ቁልፏ ለያይኔ» ብሎ ተናዞ ነበር። የቡሬ ሰው ይህን ሰምቶ «ሰውየው እስከ መጨረሻው ቅኔ አልተወ!» ብሏል። በኑዛዜው መሠረት ታላቅ ወንድሟ አድማሴ ያለ እሷ የትም አይሄድም፤ እሷም ያለ እሱ የምታስነሳው ነገር የላትም።

ሞተሯ ሃምሳ ሲሲ ናት፤ ስሟ ፌንጣ። ሜዳ ላይ ትዘላለች፣ ዳገት ስታይ ትታመማለች። ባለፈው ሳምንት የቡሬ ዳገት ላይ ከሰል የጫነ አህያ ቀደማቸው። ይህን ያየው የክፍሏ ልጅ ክንዱ በማግስቱ ሰልፍ ላይ «ያይኔ፣ አህያው ሰላም ብሎሻል» አላት።

«ዘመድህ ስለሆነ አንተው መልስለት» አለችው። ልጆቹ ሳቁ። ነገሩ ግን ሆዷ ውስጥ ቀረ።

አሁን ፍኖተ ሰላም፣ ጋሽ ክንፈሚካኤል ጋራዥ ውስጥ ፊት ለፊቷ የቆመው ሌላ ፍጥረት ነው። ቀይ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ሲሲ፣ መሪው ዝቅ ያለ፣ ሰው በደረቱ ተኝቶ የሚነዳው የውድድር ሞተር። ጋሽ ክንፈሚካኤል በወጣትነታቸው እንዲህ ባለው አስመራ ላይ ተወዳድረዋል። ዛሬ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቀላል ሞተር ፈለጉ። ልውውጡ አንድ ለአንድ ነው።

«እስከ ሰኞ ንዱት። ሰኞ ወይ ትስማማላችሁ፣ ወይ ትመልሱልኛላችሁ።»

አድማሴ ራሱን አከከ። የቡሬ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሞተሩ ገጠር ወርዶ ሕፃናት ይከትባል። «እኔ የማውቀው መርፌ ነው። ካርቡራተር የምትፈታው እሷ፣ ቁልፉም የእሷ። ያለችው ይሁን» አለ።

እውነቱን ነው። ያይኔ በአሥራ አምስት ዓመቷ ካንዴላ ትጠርጋለች፣ ካቴና ታጠብቃለች፣ ጎማ ትለጥፋለች። ማንም አላስተማራትም። ፌንጣን እየፈታች፣ ስትገጥማት ብሎን ሲተርፋት እያለቀሰች ተማረችው።

ቁልፉን ከማዕተቧ ፈትታ ሰጠች። አላመነታችም።

ማንኩሳን እንዴት እንዳለፉ አላወቀችም። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ላይ አድማሴ መሪውን ለቀቀላት። እጀታውን ትንሽ ብትጠመዝዘው ቀዩ ከሥሯ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው።

«ቀስ በይ!» ጮኸ አድማሴ፣ ወገቧን ጨምድዶ።

«ቀስ እያልሁ ነው!» ውሸቷን ነው።

የቡሬን ዳገት ማርሽ ሳትቀንስ ወጣችው። ክንዱ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ያይኔ ዞራ አላየችውም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየችው።

ቅዳሜ ጠዋት የክትባቱን የበረዶ ሣጥን አቅፋ፣ ከቀዩ ጋር የመጣውን ትልቅ መነጽር አጥልቃ ከወንድሟ ኋላ ተቀመጠች። ወደሚከትቡበት መንደር ፌንጣ ሁለት ሰዓት የምትፈጅበትን መንገድ በሃምሳ ደቂቃ ጨረሱት።

ፌንጣ መንደሩ ጥግ ስትደርስ የሚሆነው ሁልጊዜ አንድ ነው። ልጆች መርፌ ፈርተው ይሸሻሉ፤ እናቶች እያሳደዱ ይይዟቸዋል። ዛሬ ግን ዋርካው ሥር ማንም የለም። ጥንድ በሬ ከነቀንበሩ እርሻ መሐል ቆሟል፤ አራሹ የለም። ከአንዱ ጎጆ ሽሮ ሲንተከተክ ይሰማል፤ የሚያማስለው የለም።

«ሠርግ ይኖር ይሆን?» አለ አድማሴ።

«ሽሮ ጥዶ ማን ሠርግ ይሄዳል?»

ብዙ ቆይቶ አንዲት አሮጊት ምርኩዝ ይዘው ብቅ አሉ። እሜቴ አስካለ ማርያም ናቸው።

«እንደምን አረፈዳችሁ፣ ጌቶቼ» አሉ ጎንበስ ብለው። «በከንቱ ደከማችሁ። በዚህ አገር ወንድ አይወለድም። ውሃው ሴት ብቻ ነው የሚሰጠን።»

«ታዲያ በሬውን ማን ጠመደው?» አለ አድማሴ ግራ ገብቶት።

«ራሱ ተጠምዶ ነው። ጎበዝ በሬ ነው።»

ያይኔ መነጽሩን አወለቀች። «እሜቴ፣ እኔ ነኝ እኮ! ባለፌንጣዋ!»

አሮጊቷ ቀርበው አገጯን ይዘው አዩዋት። «አበስኩ ገበርኩ! አንቺ ነሽ? ፌንጣዋንስ ምን በላት?»

«በዚህ ልንለውጣት ነው።»

«እንዲህ የሚያጓራ ሞተር በሰኔ መጥቶብን ነበር» አሉ እሜቴ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለውትድርና ብሎ ሦስት ልጆች ወሰደ። ከዚያ ወዲህ የሚያጓራ ስንሰማ ወንዱ በቆሎ ውስጥ፣ ሴቱ ገደል ውስጥ ነው።»

«ሴቱ ለምን ይሸሻል?»

«ልጅሽን የት ደበቅሽው ብለው ይይዟታላ! የፌንጣዋን ድምፅማ ውሻውም ያውቀዋል።» ወደ በቆሎው ዞሩ። «ውጡ! የመርፌዋ ልጅ ናት!»

በቆሎው ተንቀሳቀሰ። አንድ ራስ ብቅ አለ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አሥር። ጎረምሶቹ አፈር እያራገፉ፣ እርስ በርስ እየተሳሳቁ ወጡ። አራሹ በሬዎቹ ዘንድ ሲደርስ እሜቴ «ራሱ የተጠመደውን አመስግነው!» አሉት።

ገደሉ ግን ሩቅ ነው። እናቶቹ ተጠርተው እስኪመጡ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። አድማሴ አሥራ አንድ ሕፃናት ከከተበ በኋላ ሣጥኑን ዳሰሰና ዘጋው።

«በረዶው አልቋል። ሙቀት የነካው ክትባት ውሃ ማለት ነው» አለ።

ያኔ ሀብትነሽ የምትባል እናት ሕፃኗን አዝላ ደረሰች። እግሯን እሾህ ቧጥጦታል፤ ትንፋሿ አልተመለሰም።

«ደረስሁ?»

አድማሴ የተዘጋውን ሣጥን አሳያት።

«ቅዳሜ እንመጣለን» አለች ያይኔ ፈጥና።

«በምን?» አለች ሀብትነሽ። ለነገር አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው።

ያይኔ ዞራ ቀዩን ሞተር አየች።

እሑድ ዕለት ቀዩን ዝም ለማሰኘት ጭስ ማውጫው ላይ የዘይት ጣሳ አሰረችበት። ሞተሩ ሁለቴ ሳለና ጣሳውን እንደ ጥይት ተፋው። የጎረቤት ፍየል ገመዷን በጥሳ ተፈተለከች።

«ምን ወሰንሽ?» አለ አድማሴ ፍየሏን ይዞ ሲመለስ።

«ጣሳዬን ልፈልግ» አለች።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ቀዩን ፍኖተ ሰላም መለሱት። ጋሽ ክንፈሚካኤል ሳቁ። «ፈራሽው እንዴ?»

«እኔስ አልፈራሁትም። የሚሸሹት ሌሎች ናቸው።»

ሳቃቸው ቆመ። በዚያ የአፈሳ ዘመን ብዙ ነገር በግማሽ ቃል ይገባ ነበር። የፌንጣን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ።

«አንድ ነገር ልለምንዎ» አለች ያይኔ። «ቀዩን ለሌላ ሰው አይስጡብኝ። ድምፁ ሰው የማያስበረግግበት ጊዜ ሲመጣ እኔ ራሴ እወስደዋለሁ።»

«እስከዚያ ጉልበቴ ከዳነ ግን አልሰጥሽም!»

ቁልፉን ማዕተቧ ላይ አሰረችው። ፌንጣ በሦስተኛው እርግጫ ተነሳች፤ እንደ ልማዷ ዘለለች። የቡሬ ዳገት ሥር ሲደርሱ ታመመች። ያይኔ ወርዳ ከኋላ መግፋት ጀመረች።

ኮቴ ተሰማ። ከሰል የጫነው አህያ ነው። ጎናቸው ደረሰ፣ ትንሽ አብሯቸው ሄደ፣ ከዚያ ቀደማቸው።

«እንደምን ዋሉ» አለችው ያይኔ።

አድማሴ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

«ጋሼ» አለችው ወንድሟን፣ ሞተሯን እየገፋች፣ «ቅዳሜ ገና ጎሕ ሲቀድ እንነሳ። ከአህያው በፊት።»