ከሽመናው አዳራሽ የተጠራሁበት ቀን

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሴት አይደለሁም፤ አያቴ መሪጌታ ቢሆኑም ሰው ስለ ዛርና ስለ ጥላ ሲያወራ «ሥራ ፈት» ብዬ የምስቅ ነበርሁ፣ አሁንም ያየሁትን ልንገራችሁ እንጂ ማመን አለማመኑ የእናንተ ነው።

እናቴም እኔም ባሕር ዳር በድሮው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ሠርተናል። የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ስለሚደፍን እዚያ የምንነጋገረው በእጅ ነበር፤ ሆድ ማሸት ምሳ ነው፣ መዳፍን ደረት ላይ አድርጎ ወደ በር መጠቆም ደግሞ «ከቤት ይፈልጉሻል» ማለት ነው። ዛሬ አዳራሹ ሙዚየም ሆኗል፣ ማሽኖቹ ቆመዋል፣ እኔም ጎብኚ አስተናግዳለሁ። ሰዉ ገዳማቱን በጀልባ ዞሮ፣ ጢስ ዓባይን አይቶ፣ ሲደክመው ወደኛ ይመጣል፣ ምን ይደረግ።

ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፣ ከወረታ ለመጡ መምህራን ስለ ሽመናው አስረዳለሁ። እናቴን ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤታችን ትቻት ነው የወጣሁት፤ ወገቧን ስለሚያማት ብዙም ከአልጋ አትወርድም፣ ጎረቤት ታያታለች ብዬ ነው። መጀመሪያ ቀጭን ኳኳታ ሰማሁ፣ አይጥ ነው ብዬ አለፍሁት። ቀና ስል፣ እመኑኝ፣ ከመጨረሻው ማሽን ኋላ የድሮውን የሽመና ክፍል ሰማያዊ ጋውን የለበሰች ሴት ቆማለች። መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ በሩ ጠቆመችኝ።

ፊቷ በደንብ ባይታየኝም የድሮ ባልደረባ መሰለችኝ፣ ልትቀልድብኝ ነው ብዬ አምስቱን ጣቶቼን ሰብስቤ «ቆይ» አልኋት። ደገመችው። እኔም ደገምሁ፣ እንዲያውም ተናደድሁ፣ ሰው ፊት ቆሜ እያወራሁ ምን ያስቸኩላታል ብዬ። መምህራኑን ሸኝቼ ስመለስ የለችም።

በር ላይ ጥበቃችንን አያ ፈንታን «ከቤት ማን መጥቶ ነው?» አልኋቸው።

«ከነዚህ መምህራን በቀር የገባም የወጣም የለም፤ ደህናም አይደለሽ እንዴ?» አሉኝ።

ያኔ ፈራሁ። ባጃጅ ይዤ ቤት ስደርስ እናቴ ወለሉ ላይ ወድቃለች። ጎረቤታችን ገበያ ወጥታ ኖሮ፣ እናቴ ራሷ ውኃ ልትቀዳ ስትነሣ ነው የወደቀችው፣ ስልኳ ከእጇ ርቋል፣ ዳሌዋ ተሰብሯል። አጠገቧ ተንበርክኬ ራሷን ሳቅፍ፣

«ምነው ልጄ፣ ልኬብሽ አልነበር?» አለችኝ ቀስ ብላ። «'ቆይ' ብላኛለች ብላ ተመለሰች እኮ።»

እናቴ ዕድሜ ይጫናት እንጂ አእምሮዋ ሙሉ ነው፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በስም ትጠራለች። እኔ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ምን እንዳልሁ ለማንም አልተናገርሁም ነበር። ያን ያህል ጊዜ ወለል ላይ ያስቆየኋት እኔ መሆኔ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «ማንን ነው የላክሽው?» ልላት አልሁና ትቼው የሚያነሣልኝ ሰው ልጠራ ወጣሁ።

ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን በከዘራ ትሄዳለች፤ አብረን ስንቀመጥ ልጠይቃት እልና ወሬ እቀይራለሁ። ከድሮ የሽመና ባልደረቦቻችን እኔ ራሴ ቆሜ ያስቀበርኋትን ሰው ስም እንዳትጠራብኝ እፈራለሁ።