አርባ አራት ቁጥር ባዶ ነበር

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም፣ ብቻ ኮሮናው ከገባ በኋላ ነው፣ ሰዓት እላፊው፣ እኛ እዚህ ሐዘር የምንለው፣ ሙሉ ቀን የሆነበት ሰሞን፣ የምንኖርበትን የኩዌት ሰፈር፣ ጅሊብን፣ በሽቦ አጥረው ወጪም ገቢም የከለከሉን ጊዜ። ቀኑን ብትጠይቁኝ እንኳን ዛሬ ያኔም አላውቀውም ነበር፣ ሁሉም ቀን አንድ ሆኖብን።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም። አገር ቤት ሳለሁ ሰው ጥላ አየሁ ብሎ ሲሮጥ እኔ ባትሪዬን ይዤ ሄጄ የማይ ነበርኩ፣ ኩዌትም መጥቼ ስንት ዓመት የሕንፃ ሐሪስ፣ ማለት ዘበኛ፣ ሆኜ ስኖር፣ ባዶ ፎቅ ውስጥ ድምፅ ስሰማ ቧንቧ ነው ብዬ ገልበጥ ብዬ እተኛለሁ። ትምህርቴ እምብዛም ነው፣ ቁጥር ግን አውቃለሁ፣ ተከራዩን ሁሉ በበሩ ቁጥር ነው የማውቀው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሲዲ ማጫወቻዬ ነው። ራይ ሰፈር ካለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁት ነው፣ ሁለት መቶ ሲዲ በአንዴ የሚውጥ፣ ለሁለት ሰው ሸክም የሆነ ጥቁር ዕቃ። ክዳኑን ስትከፍቱት ሲዲዎቹ መደርደሪያ ላይ እንደቆመ ሳህን ጎን ለጎን፣ ክብ ሠርተው ቆመዋል፣ ቁጥር ስትጫኑ ክቡ ኪርርር እያለ ይዞራል፣ ቁጥሩ ጋ ሲደርስ ቀጭ ብሎ ይቆምና ሲዲውን ብድግ አድርጎ ይወስደዋል። ቦታው ባዶ ከሆነ ግን ቁጥር በምታሳየው መስኮቱ ላይ ሁለት ሰረዝ ብልጭ አድርጎ ያልፋል እንጂ አይቆምም፣ በፍጹም አይቆምም።

ስገዛው ባዶውን ነበር፣ የሞሉት ሴቶቹ ናቸው። በሰው ቤት የሚሠሩት ልጆቻችን፣ ጁምዓ ዕረፍት የሚሰጧቸው፣ ከደረጃው ሥር ወዳለችው ክፍሌ ይመጣሉ፣ እያንዳንዷ መዝሙርም ይሁን ዘፈን አንድ ሲዲ ታመጣለች፣ ቁጥር እሰጣታለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያ ቁጥር የሷ ነው። ጠቅልላ አገሯ የገባችዋም ብትሆን ቁጥሯን ለሌላ አልሰጥባትም። ይህ የክፍሌ ሕግ ነበር።

ትርሲት የምትባለዋ ልጅ፣ ሚሽሪፍ በሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ማዳም ቤት የምትሠራ፣ ገና መጀመሪያ የመጣች ቀን፣

«ጋሽ በላቸው፣ ለእኔ አርባ አራትን ይስጡኝ፣ አርባ አራቱም ታቦት ይጠብቀኛል» አለችኝ።

«ተራሽ እኮ አሥራ ሰባት ነው።»

«ተራ ለዳቦ ነው ጋሼ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ፣ እኔም ሰጠኋት። እኔ ልጅ አልወለድኩም። ጎንበስ ማለት ሲያቅተኝ የእግሬን ጥፍር የቆረጠችልኝ፣ የደም ግፊት መድኃኒቴን በየሳምንቱ ለይታ የምታስቀምጥልኝ እሷ ነበረች፣ ልጅ ማለት ይህ ካልሆነ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። አገሩ ከመዘጋቱ በፊት በመጨረሻ የመጣች ጊዜ፣ ማዳሟ ወጥ ቤት ውስጥ ማጫወቻ አስገብታላት ኖሮ፣ «ለሳምንት ብቻ ልዋሰው» ብላ ሲዲዋን አውጥታ ወሰደች። «የራስሽን ዕቃ ምን ውሰት አለው?» ብዬ ስቄባታለሁ። እንግዲህ አርባ አራት ቁጥር ባዶ ነበር ስላችሁ፣ በዓይኔ አይቼ ነው።

ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲያወራ በእኩለ ሌሊት ያደርገዋል፣ የእኔ ግን በጠራራ ፀሐይ ነው፣ አስር የሚባለው የከሰዓት በኋላ ሰላት አዛን ካለ በኋላ። ፍራሼ ላይ ጋደም ብያለሁ፣ ማጫወቻው ዝም ብሏል፣ ሰማያዊ መብራቱ ብቻ በርቷል፣ ውጭ መኪና የለ፣ ሰው የለ፣ እንዲያ ያለ ዝምታ ጅሊብ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ኪርርር አለ። መብራት ሄዶ መጥቶ ይሆናል አልኩ። ዞረ፣ ቆመ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እመኑኝ፣ አንድ ነገር ጠፍቶበት እንደሚፈልግ ሰው ነበር የሚዞረው፣ ከዚያ ቀጭ አለ። ቀና ብዬ መስኮቱን አየሁ፣ አርባ አራት ይላል። ሰረዝ የለም። ይባስ ብሎ ደቂቃው መቁጠር ጀመረ።

መጀመሪያ ሽሽሽ የሚል ብቻ ነበር። ቆይቶ ነው ድምፁ የቧንቧ ውሃ መሆኑ የገባኝ፣ ሳህን የሚታጠብበት ውሃ፣ ሳህንም ከሳህን ሲነካካ ይሰማል። ከዚያ ራቅ ካለ ክፍል አንዲት አሮጊት ተጣራች።

«ዘይነብ! ያ ዘይነብ!»

ውሃው ተዘጋ። ከቅርብ፣ ከጆሮዬ ሥር፣ «ነዓም ማዳም!» አለች አንዲት ልጅ፣ አቤት ማለቷ ነው።

ድምፁ የትርሲት ነው። የሷን ድምፅ በምንም አልስተውም፣ ሳቅ ሳቅ የሚለው፣ ጤነኛው ድምፅዋ። ነጠላ ጫማ እየተጎተተ ራቀ። ትንሽ ቆይቶ አሮጊቷ ሌላ ስም ጠራች፣ የሌላ ሴት ስም፣ ሁለት ጊዜ ጠራችው፣ መልስ የሰጠ የለም። ከዚያ መቁጠሩ ቆመ። ክዳኑን ከፍቼ አርባ አራት ላይ ጣቴን ሰደድኩ፣ ምንም የለበትም።

ትርሲት ጋ ደወልኩ፣ ስልኳ ዝግ ነው። እነሱ ቤት ፊት ለፊት የምትሠራ አለምነሽ የምትባል ነበረች፣ እሷ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አልሰሙም እንዴ? እሷንም ማዳሟንም አምቡላንስ ከወሰዳቸው ሰነበተ እኮ! በመስኮት ነው ያየሁት፣ በእግሯ ነው የወጣችው፣ አሮጊቷን ደግፋ።»

«የት ሆስፒታል?»

«እኔ ምን አውቄ ጋሼ፣ ከበር ከወጣሁ ስንት ጊዜዬ።»

አሳቡ ምን እንደሆነ የሰው አገር የኖረ ያውቀዋል። ታሞ መሞት ለሁሉም ያለ ነው፣ ማን መሆንህን የሚያውቅ ሰው በሌለበት ተኝተህ፣ እናትህ ሳትሰማ አፈር መግባት ነው የሚያስፈራው። ልጅቱ ያለችበትን ማወቅ አለብኝ፣ እኔ ደግሞ በሽቦ ታጥሬያለሁ።

በማግስቱ የወሎው ልጅ ሸምሱ መጣ። ለሰፈር ጀምኢያ፣ ማለት ለማኅበር ሱቁ፣ መኪና ስለሚነዳ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ነበረው፣ ሽቦው ጋ ድረስ እህል ያራግፍልን ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬም ሽንኩርት ነው፣ እንዳያለቅሱብኝ!» አለ ገና ከሩቁ። እኔ ሽንኩርቱን ሳልነካው አልቅሼ ጨርሻለሁ። ሁሉንም ነገርኩት፣ የማጫወቻውን ነገር ግን ተውኩት፣ ሽማግሌው ብቻውን ሲውል ነካው እንዳይለኝ። ሲያዳምጥ ቀልዱ ሁሉ ጠፋ፣ «እፈልጋታለሁ» ብሎ ሄደ።

ማምሻውን ከሆስፒታል ደወለ።

«ጋሼ፣ ትርሲት የምትባል የለችም ይላሉ። ስንቱ ጋ ሄጄ ጠየቅሁ መሰለዎት።»

«እንዴት አትኖርም?»

«በፓስፖርቷ ማን ትባላለች?»

«ትርሲት ናት እንጂ።»

«እሱማ የእናቷ ቤት ስም ነው። ደላሎቹ እኮ ብዙዎቹን የኛን የሙስሊሞቹን ስም አልብሰው ነው የሚያመጧቸው፣ አለምነሽ እንኳ ለማዳሟ ሐሊማ ናት። በዚያኛው ስሟ ካልሆነ እዚህ አትገኝም ጋሼ።»

እውነት ነው፣ ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ግን ደስ ስለማይላቸው ያንን ስም ጁምዓ ዕለት የሚያነሳው የለም፣ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ከማጫወቻው ውስጥ አሮጊቷ የጠራችው ስም ትዝ አለኝ።

«ሸምሱ፣ ዘይነብ ብለህ ጠይቅ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ዝም ብለህ ጠይቅ ልጄ።»

እርምጃው ይሰማኛል፣ ዓረብኛ ሲያወራ ይሰማኛል። ቆየ፣ ሲመለስ ድምፁ ወርዷል።

«አለች ጋሼ። ዘይነብ፣ ሐበሻ፣ ከሚሽሪፍ የመጣች። በመሣሪያ ነው የምትተነፍሰው።»

ሸምሱ እንዴት አድርጎ እንደለመናት አላውቅም፣ አንዲት ሕንዳዊት ነርስ የራሷን ስልክ በላስቲክ ጠቅልላ ትርሲት ጆሮ ሥር አስጠጋችልኝ። «ትርሲት፣ ትርሲትዬ፣ እኔ ነኝ፣ በላቸው፣ ቁጥርሽን ለማንም አልሰጠሁትም» አልኳት፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ነርሷ ለሸምሱ እንደነገረችው፣ እስከዚያ ቀን ዘይነብ ሲሏት አትንቀሳቀስም ነበር፣ ያን ጊዜ ግን ፊቷን ወደ ስልኩ አዞረች፣ ዕንባዋም ወረደ።

ብዙ አልቆየችም። ወረቀቷ ዘይነብ ስለሚል ወደ ሙስሊሞቹ መቃብር ሊወስዷት ሲሉ፣ «የአንገቷን ማተብ እዩት፣ ይቺ ክርስቲያን ናት» ብሎ ከቢሮ ቢሮ የተሟገተ ሸምሱ ነው፣ በስሟ እንድትቀበር ያደረገ እሱ ነው፣ ለእናቷም የደወለው እሱ ነው፣ እኔ አልቻልኩም። ከአፈሩ ራቅ ብሎ ቆሞ ስልኩን ወደ ጉድጓዱ ዘርግቶ አሳየኝ፣ እኔ ደግሞ ከደረጃዬ ሥር ሆኜ አባታችን ሆይን ደገምኩላት።

በኋላ ነው የሰማሁት፣ ማዳሟ፣ ያቺ አሮጊት፣ አስቀድማ ነው የሞተችው፣ እኔ ስትጣራ ከሰማኋት ቀን በፊት። ታዲያ ያን ዕለት የተጣራችው ማን ናት? ትርሲትስ በመሣሪያ እየተነፈሰች በዚያ ጤነኛ ድምፅ «ነዓም» ያለችው ከየት ሆና ነው? አላውቅም፣ የማውቅም አይመስለኝም።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ይህ አይደለም፣ ሁለተኛው ስም ነው፣ ያልተመለሰለት፣ ዘይነብ ተብላ የተጠራችው ሞታለች፣ ቀጥላ የተጠራችውስ የት ናት እያልኩ። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ የመጡትን ሴቶች በዘዴ እያንዳንዳቸውን ጠየቅኋቸው፣ የማናቸውም የፓስፖርት ስም አይደለም። እዚህ አልጽፈውም፣ ስሟ የሆነች ብታነበው ምን እንደሚሰማት አስባችሁ ፍረዱኝ።

ለአንድ ሰው ብቻ፣ ማጫወቻውንም ስሙንም፣ ሳልደብቅ ነግሬዋለሁ። አልሳቀብኝም። «እኔ በየቤቱ ዕቃ አደርሳለሁ ጋሼ፣ በየበሩ እጠይቃለሁ፣ ካለች እናገኛታለን» አለኝ። እስከ ዛሬ እየጠየቀ ነው፣ አላገኛትም፣ ጁምዓ ከሰላት መልስ ጎራ ብሎ «ዛሬም የለችም» ይለኛል፣ አጠገቤ ተቀምጦም ያመሻል። ያን ዘመን ያሻገረኝ እሱ ነው፣ ሸምሱ።