በሁለተኛው ፎቅ በኩል

ልብስ ሰፊዋ በጠዋት ፀጉሯን ማሳመር የጀመረችው በጫማ ሰፊው ምክንያት ነው። ድሮ አታበጥርም ነበር ማለት አይደለም፤ ግን ከቤት ለማይወጣ ሰው፣ ለስፌት መኪና ተብሎ ማን ይዋባል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተከራይታ ትኖራለች፤ መኪናዋን መስኮቱ ሥር አስጠግታ እዚያው ትሠራለች። ከመንገዱ ማዶ የጫማ ሰፊው ጠባብ ሱቅ አለች። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሰውዬው መዶሻውን ያስቀምጥና ደጅ ብቅ ይላል፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ እሷ ያያል። ትንሽ ይቆይና ደስ እንዳለው ሰው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይመለሳል። አንድ ቀን አይዘልም፤ ዝናብ ቢዘንብ እንኳ ይወጣል።

አንዲት ሴት ይህን ሁለት ወር ሙሉ ብታይ ምን ታስብ? እሷም አሰበችው። መጀመሪያ ማበጠሪያው፣ ቀጥሎ የጆሮ ጌጡ፣ ከዚያ ሰማያዊው ሸሚዝ መጣ። ሰውዬው ግን ትንፍሽ አይልም። በሦስተኛው ወር ትዕግሥቷ አለቀና ደረጃውን ወርዳ፣ መንገዱን ተሻግራ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ጫማቸውን የሚጠብቁ ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ እነሱንም ከቁም ነገር አልጣፈቻቸውም።

«ወንድሜ፣ የምትለው ነገር ካለህ በል። በየጠዋቱ ሰው ላይ ማፍጠጥ ምን ይሉታል?»

ጫማ ሰፊው የያዘው ሚስማር ከእጁ ወደቀ።

«እኔ... አንቺን አይደለም እኮ እህቴ። ጨርቁን ነው።»

«የምን ጨርቅ?»

በጣቱ አሳያት። ከእሷ መስኮት በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ብረት ላይ፣ ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል። እዚያ የሚኖሩት ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ይላቸዋል። ብቻቸውን ናቸው። አምና መታጠቢያ ቤት ወድቀው ግማሽ ቀን ሰው ሳይሰማቸው ቀርተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጫማ ሰፊው ጋር ተስማሙ፤ ጠዋት ሲነሱ ጨርቁን ያወጣሉ፣ ማታ ያስገቡታል። ከወጣ ደህና አደሩ ማለት ነው። ሰውዬው ዘመዳቸው አይደለም፤ ያዘዘውም የለም።

ከደንበኞቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ። ልብስ ሰፊዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ቤቷ እንዴት እንደተመለሰች እንጃላት። መኪናዋን ከመስኮቱ አንስታ ግድግዳ ሥር ጎተተችው፤ ሰማያዊውንም ሸሚዝ ሳጥን ውስጥ ወረወረችው።

ቁጭ ብላ ስታስበው ግን የባሰ አፈረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቲቸር ሥር ስትኖር አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ «እንዴት አደሩ?» ብላ አታውቅም። ከመንገድ ማዶ ያለው ሰው በየቀኑ ይጠይቃቸዋል፤ ያውም አፉን ሳይከፍት። እንዲህ ያለ ሰው አሁንም አለ ለካ! በእልህ ልትጠላው ፈልጋ ነበር፤ ከበፊቱ የባሰ ወደደችው።

ሦስት ሳምንት እንዲሁ ሲሸሻሹ አሳለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጫማ ሰፊው ነው፤ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ጠፍቶታል።

«እናቴ ዘንድ ለሦስት ቀን መሄዴ ነው፤ የቤቷ ጣሪያ እያፈሰሰ ነው። እና... ጨርቁን እንድታዪልኝ ልለምንሽ ነበር።»

«እኔን? ሰው ፊት እንደዚያ ከጮህኩብህ በኋላ?»

«ለዚያ እኮ ነው የመረጥኩሽ። ያየሽውን ነገር ዝም ብለሽ አታልፊም።»

ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ቲቸር ለክፉ ቀን የሰጡትን የቤታቸውን ትርፍ ቁልፍ መዳፏ ላይ አኑሮ ሄደ። ቁልፉ ሞቅ ያለ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ በእጁ ጨብጦት ኖሯል።

ጨርቁ ከመስኮቷ ስለማይታይ በማግስቱ ወርዳ የተዘጋው ሱቅ ደጅ ላይ ቆመች። ጨርቁ ወጥቷል። ዓይኗን ዝቅ ስታደርግ ደግሞ የገዛ መስኮቷ ወለል ብሎ ታያት። አበጠረች አላበጠረች ሁሉ ከዚህ ይለያል። ልቧ ደንገጥ አለ፤ ወዲያው ራሷን ተቆጣችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በሁለተኛው ቀን ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጎህ ሲቀድ አባርቶ ነበር። ወረደች፤ ቀና አለች፤ ጨርቁ አለ። ተመስገን ብላ ዞር ስትል አንድ ነገር ያዛት። ጨርቅ መቼም የእንጀራዋ ነገር ነው። ያኛው ጠቁሯል፤ ብረቱ ላይ ተለጥፎ ከጫፉ ውኃ ይንጠባጠባል። ዛሬ ጠዋት የወጣ ጨርቅ እንዴት እንዲህ ይበሰብሳል? ማታ አልገባም!

ሦስቱንም ፎቅ በአንድ ትንፋሽ ወጣችው። በትርፉ ቁልፍ በሩን ከፈተች። ቲቸር ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወድቀዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል፤ እግራቸውን ማንቀሳቀስ አቅቷቸዋል። አላነሳቻቸውም፤ አምቡላንስ ጠርታ ብርድ ልብስ አለበሰቻቸውና አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉ ቲቸር በቀጭን ድምፅ።

«ሁለት ከሩብ።»

«ከትናንት አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ... አሥራ አራት ሰዓት ከሩብ።»

«ኧረ ቲቸር፣ ሒሳቡ ይቆይዎት!»

«አንቺ የታችኛዋ አይደለሽም? የመኪናሽ ድምፅ ሲሰማኝ ሰው አለ እላለሁ። አሁን አሁን ግን ራቀብኝ።»

ይህን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ እጃቸውን ይዛ አለቀሰች።

ሐኪሙ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር አለ። ጫማ ሰፊው ከመንገድ እንደገባ በቀጥታ ሆስፒታል መጣ። ልብስ ሰፊዋ ከአልጋው አጠገብ ወንበር ላይ እንዳለች እንቅልፍ ወስዷታል። አልቀሰቀሳትም። ቆሞ አያት፤ ቲቸር ደግሞ እሱን አዩት። ማየታቸውን ቢያውቅም ዓይኑን ከእሷ ለማንሳት እንኳ አልሞከረም።

በሁለተኛው ወር ቲቸር በምርኩዝ ወደ ቤታቸው ገቡ። ቀዩ ጨርቅ ወጣ፤ የስፌት መኪናውም ወደ መስኮቱ ተመለሰ። ጫማ ሰፊውና ልብስ ሰፊዋ አሁን ይጨዋወታሉ፤ ስለ ቲቸር መድኃኒት፣ ስለ ደረጃው አምፖል፣ ስለ ሁሉም ነገር። ስለ አንዱ ነገር ብቻ አይነጋገሩም። አንዴ ተዋርዳ የለ? ሁለተኛ አልጠይቀውም ብላለች።

አንድ ሌሊት ታዲያ ትኩሳት ሲያንገበግባት አደረና ንጋት ላይ እንቅልፍ ጣላት። በሩ በኃይል ሲደበደብ በርግጋ ተነሳች። ጫማ ሰፊው ነው፤ መዶሻው ከእጁ አልወረደም፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ቲቸር ምን ሆኑ? ጨርቁ የለም?»

«አለ። ደረቅ ነው፤ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስሮጥሃል?»

«መጋረጃሽ አልተከፈተም።»

ልብስ ሰፊዋ በሩን ተደገፈች።

«ጨርቁን ብቻ ነው የማየው አላልክም?»

«ዋሸሁ» አለ። «ሁለት ሰው ፊት ያዝሽኝ፤ ምን ልበል? ዓይኔ ወደ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣው በሁለተኛው በኩል ነው። እዚያ ሲደርስ መሄድ ያቅተዋል።» ጥፍሩ የጠቆረ አውራ ጣቱን አነሳላት። «ይኸው፣ ሰማያዊውን ሸሚዝ የለበስሽ ቀን በመዶሻ የመታሁት ነው።»

በትኩሳቱ ላይ ሳቅ ያዛት። ሄዳ መጋረጃውን ገለጠችው። ከመንገዱ ማዶ አንድ ደንበኛ ግራ እግሩን በካልሲ አንጠልጥሎ ወደ ላይ ያያል።

«ደህና ናት?» ብሎ ጮኸ።

«ደህና ናት!» አለ ጫማ ሰፊው።

«እንግዲያው ጫማዬን ጨርስልኝ!»

«ሂድ፣ ጨርስለት» አለችው ልብስ ሰፊዋ። መሳቢያውን ከፍታ የቤቷን ትርፍ ቁልፍ አወጣችና መዳፉ ላይ አኖረችው። «ስትመለስ በሩን እንዳትደበድብ። ቲቸር ይደነግጣሉ።»