ትርንጎና ሰባቱ የግድግዳ ንቦች

ትርንጎ የሚበር ነገር ሁሉ ትፈራለች። ከሁሉም ከሁሉም ግን ንብ ትፈራለች።

«ዝዝዝ!» ሲል፣ ሮጣ የእናቷ ቀሚስ ውስጥ ትደበቃለች።

የትርንጎ አክስት ዶክተር ናት። ግን ሰው አታክምም። የምታጠናው ንብ፣ ጢንዚዛና ቢራቢሮ ነው። ትርንጎ «እታበባ» ትላታለች።

እታበባ ፀጉሯ ሳይሸብት ጀምራ፣ በየዓመቱ ጳጉሜን ስትደርስ ትመጣለች። ጠዋት ጠዋት ጓሮ ካለው ዱባ አጠገብ ትቀመጣለች።

አበባው ላይ አንዲት ንብ ስታርፍ፣ ደብተሯ ላይ አንድ መስመር ታሰምራለች። ጫር!

«አትነድፍሽም?» አለች ትርንጎ ከሩቅ ሆና።

«እኔን ለመንደፍ ጊዜ የላትም። ሥራ አለባት» አለች እታበባ።

የድሮውን ገጽ አሳየቻት። በመስመር ጥቅጥቅ ብሏል። የዘንድሮውን ገለጠች። ሰባት መስመር ብቻ።

«ሌሎቹስ?»

«ጫካው ተመነጠረ። መርዝ ተረጨ። ዝናቡም ጊዜውን ሳተ። እነዚህም ከጠፉ ዱባ የለም» አለች እታበባ።

በማግስቱ ገና በማለዳ፣ ለዘመን መለወጫ ቤቱ ሊመረግ ጭቃ ተቦካ። ትርንጎም እጇን እስከ ክርኗ ነከረች።

ግድግዳው ላይ ሰባት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ከአንዱ ቀዳዳ ንብ ብቅ አለች። ዝዝዝ! ተመልሳም ገባች።

«ቆይ!» አለች ትርንጎ። ጭቃ አነሳች። ለጥ! ለጥ! ለጥ! ሰባቱንም ደፈነች።

«ጎሽ የኔ ልጅ!» አለች እናቷ።

ፀሐይ ወጣች። የዱባው አበባ ፈካ። እታበባ እርሳሷን ይዛ ጠበቀች። ጠበቀች። ጠበቀች።

ዝዝዝ የለም። ጫር የለም።

ጓሮው ጭጭ አለ። ትርንጎን ባር ባር አላት። ከንቧ ይልቅ ዝምታው አስፈራት።

«አለቁ ማለት ነው?» አለች እታበባ።

ትርንጎ ሮጣ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ከውስጥ፣ በጣም በቀስታ፣ «ዝ... ዝ...»

«እታበባ! እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የደፈንኳቸው!»

እታበባ ጭቃውን ነካችው። «ገና እርጥብ ነው። የኔ ጣት ወፍራም ነው፤ ያንቺ ቀጭን ነው። ቀስ አድርገሽ ክፈችላቸው።»

የትርንጎ ልብ ድው! ድው! አለ። አንዱን ከፈተች። ምንም የለም። ሁለተኛውን ከፈተች። ምንም የለም።

ሦስተኛውን ስትከፍት፣ ጭቃ የለበሰች ንብ ወጥታ ጣቷ ላይ ቆመች።

ትርንጎ አልሮጠችም። ንቧ ኮረኮረቻት። ክንፏን አራገፈች። ዝዝዝ! ወደ ዱባው አበባ በረረች።

«እንቺ እርሳሱን» አለች እታበባ። ትርንጎም አሰመረች። ጫር!

የቀሩትንም ከፈተች። ዘግይተውም ቢሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች ጭምር፣ ስድስቱ ወጡ። ሰባተኛዋ አልወጣችም።

ቤቱ ሁሉ ተመረገ፤ ቀዳዳዎቹ ያሉባት ቦታ ብቻ ሳትመረግ ቀረች።

«እንግዳ ምን ይለኛል?» አለች እናቷ።

«እንግዶቹማ ቀድመው ገብተዋል» አለች እታበባ።

ማታ ትርንጎ አልጋዋን ወደ ግድግዳው አስጠጋች። «በሩ ክፍት ነው፤ ውጪ» አለች በሹክሹክታ።

ጠበቀች። ጠበቀች። ዓይኗ ሊከደን ሲል...

«ዝ... ዝዝ... ዝዝዝ!»

«ሰባት» አለች ትርንጎ። እንቅልፍም ወሰዳት።